ይቅርታና አደራ፦ ያለፈ ስሕተት ክህነትን ለሚሻ ሰው መሰናክል ይሆናልን?



ከጥቂት ጊዜ በፊት፥ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን፥ በገጠር ካሉት የጸሎት ቤቶች በአንዱ ለዓመታት ልጆችን ሲያስተምር የኖረ አንድ ወጣት ወደ እኛ ቀረበ። ለብቻው ሊያነጋግረን እንደ ፈለገ ከአቋቋሙ ያስታውቅ ነበር። ወደ ዘርአ ክህነት መግባት እንደሚመኝ ነገረን። ከብዙ ዝምታም በኋላ፥ በወጣትነቱ መጀመሪያ የሠራው አንድ ከባድ ጥፋት እንዳለ፥ ያንንም ተናዝዞ ሥርየት እንዳገኘ ገለጸልን። ጥፋቱ ምን እንደ ነበረ በዚህ ገጽ አንጽፍም፤ የእርሱ እንጂ የእኛ አይደለምና። ጥያቄውን ግን ለእናንተ እንድናቀርብ ፈቅዶልናል። «አባ፥» አለን፥ «እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ፥ ቤተ ክርስቲያን ስለዚያ ነገር እንደገና የምትጠይቀኝ ስለ ምንድን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የሚመጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «ያለፈው አለፈ፤ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አንድ ጊዜ እንዲያ የወደቀ ሰው ወደ መሠዊያ እንዴት ይቀርባል?» የሚለው ነው። ሁለቱንም ከምእመናን አፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ከካህናት አፍ እንሰማቸዋለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። የመጀመሪያው አደራን ይረሳል፤ ሁለተኛውም ይቅርታን ይረሳል።

ይህን የምንለው በመጽሐፍ ስላነበብነው ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን በመጀመሪያው መልስ ተሰናክለናል። ክህነት በተቀበልን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ትጉህ ወጣት ወደ ዘርአ ክህነት የሚገባበትን የምስክርነት ደብዳቤ ለመነን። ደብዳቤውን ከመጻፋችን በፊት ስለ ቀድሞ ኑሮው ሊነግረን ጀምሮ ነበር። እኛ ግን ደግነት መስሎን «ልጄ፥ ያለፈው አለፈ፤ እግዚአብሔር የሚያየው የነገውን ነው» ብለን አቋረጥነው። ደብዳቤውንም በመልካም ቃላት ሞልተን ላክነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ በቁምስናው ደጃፍ ቆመች። የሕፃኑ አባት ያ ወጣት ነበር። ገንዘብ ልትጠይቅ አልመጣችም፤ ልጁ አባት እንዳለው የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲኖር ብቻ ፈልጋ ነበር። ወጣቱ ሊያታልለን የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ሊናገር ሲጀምር አፉን የዘጋነው እኛ ነን። ዘርአ ክህነቱን ለቀቀ፥ ልጁንም ተቀበለ፥ በብዙ እፍረትና ችግርም ኑሮውን እንደ አዲስ ጀመረ። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያለፈው አለፈ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አንናገረውም።

ይቅርታ ምን ይሠራል?

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጸና የሚገባው እውነት አለ። በእውነተኛ ንስሓ የተናዘዘና ሥርየት የተቀበለ ሰው ኃጢአቱ ተደምስሶለታል። እግዚአብሔር ግማሹን ይቅር ብሎ ግማሹን በመዝገብ አያቆይም። የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹ እረኞችም ነውር ያልነካቸው ሰዎች አልነበሩም። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዷል። ጳውሎስ ምእመናንን አሳድዷል፤ እስጢፋኖስ ሲወገርም የወጋሪዎቹ ልብስ በእግሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ነገር ግን ጌታ ለጴጥሮስ ያደረገውን በጥንቃቄ እንመልከት። ጴጥሮስ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ በከሰል ፍም ዳር ሲሞቅ ነበር (ዮሐ 18፥18)። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕር ዳር ሲጠብቀውም የከሰል ፍም ተቀጣጥሎ ነበር (ዮሐ 21፥9)። ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በሦስተኛውም ጴጥሮስ አዘነ። ጌታ ያለፈውን ሊያዋርደው ብሎ አላነሣበትም፤ ሆኖም እንዳልነበረ አድርጎ አላለፈውም። በጎቹንም የሰጠው እየጠየቀ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ወደ ክህነት የሚመጣውን ሰው ስትጠይቅ ከጌታዋ የተማረችውን ታደርጋለች።

አደራ ከይቅርታ በምን ይለያል?

በየሰፈራችን ያለውን እድር እናስብ። የእድሩን ገንዘብ ይይዝ የነበረ አንድ ሰው በችግር ተሸንፎ ገንዘቡን ለራሱ አዋለ እንበል። ሽማግሌዎች ገቡ፥ ጥፋቱን አመነ፥ ዕዳውን ከፈለ፥ ይቅርታም ተደረገለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ያንን ጥፋት ሊያነሣበት አይገባም። ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን ይተከልለታል፤ በለቅሶም በደስታም ከሰው እኩል ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የሣጥኑን ቁልፍ እንደገና ለእርሱ መስጠት ሌላ ነገር ነው። አባላቱ ቁልፉን ባይሰጡት ይቅርታቸውን ነሡት አይባልም። ከብዙ ዓመት በኋላ ታማኝነቱን አይተው ቢሰጡትም፥ የሚሰጡት እንዲጽናና ሳይሆን ሣጥኑ በእጁ ደኅና እንደሚሆን ስላመኑ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የመበለቲቱና የድኻው ገንዘብ ነውና፥ ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ እነርሱም ሊያስቡ ግድ ይሆንባቸዋል።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ልዩነት ያሳየናል። ዳዊት ንስሓ ገብቶ ይቅር ተብሏል፤ ሆኖም ብዙ ደም ያፈሰሰ ተዋጊ በመሆኑ ቤተ መቅደሱን የሚሠራው እርሱ እንዳይሆን ተከለከለ፤ ሥራውም ለልጁ ለሰሎሞን ተሰጠ (1ዜና 22፥8-10)። እግዚአብሔር ዳዊትን አልጣለውም። ዳዊትም አላኮረፈም፤ ወርቁንና ብሩን፥ እንጨቱንና ድንጋዩን አዘጋጅቶ ለልጁ አስረከበ እንጂ።

ክህነትም እንዲሁ ነው። ለደኅና ሰው የሚሰጥ ሽልማት ወይም የይቅርታ ማረጋገጫ ወረቀት አይደለም፤ ማንም «መብቴ ነው» ብሎ አይጠይቀውም። ክህነት ስለ ሌሎች የሚሰጥ አደራ ነው። በእጁ የሚወድቁት የሕፃናት ነፍስ፥ የባልና ሚስት ምሥጢር፥ የሚሞት ሰው የመጨረሻ ቃል፥ የድኾች መባ ናቸው። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛልን?» የሚለው ጥያቄ በኑዛዜ ይመለሳል፤ «መንጋው ለእኔ በአደራ ሊሰጥ ይችላልን?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፥ መልሱንም ጠያቂው ብቻውን ሊሰጠው አይችልም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምን ይላል?

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሲያስተምር፥ አዲስ አማኝ ቶሎ እንዳይሾም፥ የሚሾመውም በውጭ ካሉት ሰዎች ዘንድ መልካም ምስክርነት ያለው እንዲሆን፥ በማንም ላይ ፈጥኖ እጁን እንዳይጭን አስጠንቅቆታል (1ጢሞ 3፥6-7፤ 5፥22)። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም ገና የተጠመቁትን ቶሎ ወደ ክህነት ማቅረብን ከልክሏል፤ ሳይመረመሩ የተሾሙትን፥ ወይም ሲመረመሩ ከባድ ወንጀል እንዳለባቸው አምነው ሳለ እጅ የተጫነባቸውን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን እንደማትቀበል ወስኗል።

በሀገራችን የላቲን ሥርዓትና የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን እንዳለን ሁሉ፥ ሁለት የሕገ ቀኖና መጻሕፍት ያገለግሉናል። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕግና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ናቸው። ወደ ክህነት ለመቅረብ መሰናክል የሚሆኑትን ነገሮች የላቲኑ ሕግ በቀኖና 1041 እና 1042፥ የምሥራቁም በቀኖና 762 ይዘረዝራሉ። ሁለቱ በዋናው ነገር ይስማማሉ። ከተዘረዘሩት መካከል፦ ሃይማኖትን መካድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አንድነት መለየት፤ በጋብቻ ወይም በመሐላ ታስሮ ሳለ፥ ወይም እንዲሁ ከታሰረች ሴት ጋር፥ ጋብቻ ለመፈጸም መሞከር፤ ሆን ብሎ ሰው መግደል፤ ፅንስ ማስወረድ፤ ራስን ወይም ሌላውን በክፋት አካለ ጎደሎ ማድረግ፤ ራስን ለመግደል መሞከር፤ ያልተቀበሉትን የክህነት ሥራ መሥራት ይገኛሉ። ለአገልግሎቱ የማያበቃ ከባድ የአእምሮ ሕመምም ተጠቅሷል። ይህ ግን ጥፋት ሳይሆን ሕመም ነው፤ ማንንም የሚያሳፍር አይደለም።

በዚህ ላይ ምእመናን ብዙ ጊዜ የማያውቋቸውን አንዳንድ ነገሮች ማስረዳት ይገባናል።

አንደኛ፥ ፅንስ ማስወረድ የሴቲቱ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ሕጉ ግን ለድርጊቱ የተባበሩትን ሁሉ ይጨምራል። ገንዘብ የሰጠ፥ ወደ ቦታው የወሰደ፥ ገፋፍቶ ያስደረገ ወንድ ከዚህ ነጻ አይደለም። ይህ መሰናክልና የነፍስ ግድያ መሰናክል የሚፈታው በሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሳይሆን፥ በሀገራችን በሁለቱም ሥርዓቶች በኩል በቅድስት መንበር ነው።

ሁለተኛ፥ መሰናክል ቅጣት አይደለም። ኃጢአቱ በኑዛዜ ተደምስሶ ሳለ፥ ሥልጣን ያለው አካል እስኪፈታው ድረስ መሰናክሉ ይቆያል። «ሕጉን አላወቅሁም ነበር» ማለትም መሰናክሉን አያስቀርም።

ሦስተኛ፥ አብዛኞቹ መሰናክሎች ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው፤ ብዙዎቹንም ጳጳሱ ራሱ ሊፈታ ይችላል። የምሥራቁ ሕግ ደግሞ ከጥፋት የሚመጡት መሰናክሎች የሚጸኑት ከጥምቀት በኋላ በተሠራ ከባድና በውጫዊ ድርጊት በተፈጸመ ኃጢአት እንደ ሆነ ያስረዳል።

አራተኛ፥ ሰው በራሱ ጥፋት እንጂ በወላጆቹ ጥፋት አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የቀድሞው የላቲን ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ሰው ከመሰናክል ያለበት አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ የ1983ቱ ሕግ ይህን አስቀርቶታል። ስለዚህ በአንዳንድ ቁምስና «የማን ልጅ ነው? አባቱስ ይታወቃልን?» እየተባለ የሚነገረው ነገር በሕግም በወንጌልም ድጋፍ የለውም።

በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ግን አይመዘንም ማለት አይደለም። ልጅ መውለድ በራሱ ከእነዚህ መሰናክሎች አንዱ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁን የሚያሳድገው ማን ነው? ያልተከፈለ ዕዳ፥ ያልታረቁት ሰው፥ የመጠጥ ወይም የጫት ሱስ፥ ከሌላ ዘርአ ክህነት የተሰናበቱበት ምክንያት፥ እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ። ጳጳሱ እጩው ተገቢ መሆኑን በእርግጠኝነት ሳያምን እጁን እንዳይጭን ሕጉ ያዘዋል፤ በጥርጣሬ መሾም አይፈቀድለትም።

በተለይ አንድ ነገር ላይ ቤተ ክርስቲያን በብዙ እንባ ተምራለች። በልጆች ላይ በደል የፈጸሙ አንዳንድ ካህናት ነገራቸው ተሸፍኖ ከቁምስና ወደ ቁምስና በመዛወራቸው ብዙ ሕፃናት ተጎድተዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአሜሪካ ካርዲናሎች ሲናገሩ፥ ልጆችን ለሚጎዳ ሰው በክህነት ውስጥ ስፍራ እንደሌለ አስታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የቅድስት መንበር የዘርአ ክህነት ሕነጻ መመሪያም፥ ወደ ዘርአ ክህነት የሚገቡት በእንዲህ ያለ በደል በማናቸውም መንገድ እንዳልተካፈሉ በጥብቅ እንዲጣራ ያዛል። እንዲህ ያለ በደል የፈጸመም ሰው ንስሓ ቢገባ የእግዚአብሔር ምሕረት አይዘጋበትም፤ የመንጋው በር ግን ይዘጋበታል። በይቅርታና በአደራ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ የለም።

ከቅዱሳን ሕይወት

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያስ ማን ሊበቃ ይችላል?» የሚል ቢኖር፥ የቅዱሳንን ታሪክ ይመልከት።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጋብቻ ለብዙ ዓመታት ኖሮ አዴዎዳቱስ የተባለ ወንድ ልጅ ወልዷል። እ.ኤ.አ. በ387 በሚላኖ ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ሲጠመቅ ልጁ ከጎኑ አብሮ ተጠመቀ። አባትነቱን አልሸሸገም፤ ልጁ በወጣትነቱ እስኪሞት ድረስ አብሮት ኖረ። አውግስጢኖስ በሂፖ ካህን የሆነው እ.ኤ.አ. በ391 ነው። ጳጳስ ከሆነም በኋላ የቀድሞ ኑሮውን በገዛ እጁ ጽፎ ለሁሉ እንዲነበብ አድርጓል።

ቅዱስ ካሚሎ ዴ ሌሊስ እ.ኤ.አ. በ1550 በኢጣልያ ተወለደ። ወታደርና ቁማርተኛ ነበር፤ ያለውን ሁሉ በቁማር ጨርሶ ለዕለት ጉርሱ የግንባታ ሠራተኛ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1575 ልቡን ወደ እግዚአብሔር መለሰ። ካፑቺን መነኩሴ ለመሆን ፈለገ፤ በእግሩ ቁስል ምክንያት ግን ሁለት ጊዜ መለሱት። ከዚያም በሮም ወዳለ ሆስፒታል ሄደ፤ ይኸውም ቀድሞ አገልጋይ ሳለ በቁማርና በጠብ ምክንያት የተባረረበት ሆስፒታል ነበር። በዚያው በሽተኞችን በትሕትና እያገለገለ ቆይቶ የቤቱ አስተዳዳሪ ሆነ። ትልቅ ሰው ሳለ ከልጆች ጋር ተቀምጦ ላቲን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1584 ካህን ሆኖ በሽተኞችን የሚያገለግለውን ማኅበር መሠረተ። ቁልፉን መልሶ የሰጠው ያወጣው ቤት ራሱ ነው። የሰጠውም ግን በመጀመሪያው ቀን አይደለም።

ቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ የወረሰውን ሀብት በቅንጦት ያባከነ የፈረንሳይ መኰንን ነበር። የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን፥ ካህን የሆነው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድስናው ታወጀ።

ዓመታቱን እንቍጠራቸው። ለአውግስጢኖስ ከጥምቀቱ 4 ዓመት፥ ለካሚሎ ከመመለሱ 9 ዓመት፥ ለሻርል 15 ዓመት። ጊዜው ኃጢአታቸው እንዲረሳ የተሰጠ አልነበረም፤ አዲሱ ኑሮ ሥር መስደዱን ራሳቸውም ሌሎችም እንዲያዩ ነው። ከሦስቱም አንዱ እንኳ ያለፈውን ደብቆ ወደ መሠዊያ አልቀረበም።

መናገር ለማን? እንዴት?

እንግዲህ ብዙዎችን የሚጎዳው ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሆናል። ያልተነገረ መሰናክል አይፈታም፤ ተደብቆ የተሾመም ካህን ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው እስረኛ ሆኖ ይኖራል።

ይሁን እንጂ እጩው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በኑዛዜ የተናገረውን ማንም በማናቸውም ምክንያት ሊያወጣው አይችልም። ስለ ሹመቱ ወይም ስለ መሰናበቱ ሲወሰንም የተናዘዘበትን ካህንና የመንፈሳዊ መሪውን አስተያየት መጠየቅ በሕግ የተከለከለ ነው (ቀኖና 240፤ በምሥራቁ 339)። ስለዚህ «ተናዝዣለሁና ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች» ማለት አይቻልም። በኑዛዜ የሰማው ለእግዚአብሔር ሰምቷል፤ ውሳኔ ለሚሰጠው ጳጳስ እጩው ራሱ ከኑዛዜ ውጭ ሊገልጥ ይገባል። እንዴት እንደሚገልጥ ካላወቀ፥ አስቀድሞ የንስሓ አባቱን ምክር ይጠይቅ። ጥፋቱንም በአደባባይ እንዲናገር ማንም አያስገድደውም፤ ስሙ እንዲጠበቅለት መብት አለው።

ምእመናንስ ምን ድርሻ አላቸው?

ስለ አንድ እጩ መሰናክል የሚያውቅ ምእመን ከሹመቱ በፊት ለቆሞሱ ወይም ለጳጳሱ እንዲያስታውቅ ሕጉ ያስገድደዋል (ቀኖና 1043፤ በምሥራቁ 771)። በዚህ ላይ በሁለት በኩል እንወድቃለን። አንዳንዶቻችን በይሉኝታ ተይዘን «የሰው ልጅ እንጀራ ለምን እዘጋለሁ?» እያልን ዝም እንላለን፤ ወይም የመንደራችን ልጅ ካህን እንዲሆንልን ስለ ጓጓን ዓይናችንን እንጨፍናለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ለጳጳሱ የማንነግረውን ነገር በቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ እንነግራለን። የመጀመሪያው መንጋውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው የወንድምን ስም ይገድላል። ትክክለኛው መንገድ በራስ ያወቁትን ብቻ፥ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፥ ለሚመለከተው ብቻ መናገር ነው።

በስንክሳር ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበውን ኢትዮጵያዊውን ሙሴ ጸሊምን እናስታውስ። የወንበዴዎች አለቃ የነበረው ይህ ሰው በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ መነኰሰ፥ ካህንም ሆነ። ስለ ክህነቱ ሊፈትኑት ብለው ከመቅደስ ባስወጡት ጊዜ፥ ራሱን ወቀሰ እንጂ እንዳልተቆጣ ይተረካል። ከዕለታት አንድ ቀንም ባጠፋ ወንድም ላይ ለመፍረድ ሲጠሩት የሚያፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ፤ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያያት በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ስለ ሌላ ሰው ያለፈ ኑሮ ለመናገር አፋችንን ስንከፍት የራሳችንን ማድጋ ዘወር ብለን እንይ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በርናባስ ይመስለናል። ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት አቀረበው፤ ጌታን እንዴት እንዳየ፥ በደማስቆም በድፍረት እንዴት እንዳስተማረ ተረከላቸው (የሐዋ 9፥26-27)። የሳውልን ያለፈ ኑሮ አልካደም፤ ሊካድ የሚችልም አልነበረም። የተለወጠውን መሰከረ። በመንደራችሁ አንድ ወጣት ጥሪ አለኝ ብሎ ሲመጣ ለመናገር ጊዜ ስጡት፤ እንደ እኛ አታቋርጡት። የነገራችሁን ጠብቁ፤ ራሱ ወደ ቆሞሱ እንዲሄድ አበርቱት፤ ስትጠየቁም ያያችሁትን መስክሩ።

የተከለከለ ሰው

ምርመራው አልቆ «አይሆንም» የሚል መልስ የሚደርሰውም አለ። ይህን መልስ የሰጡት ሰዎች ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ሰዎች ናቸውና። ቢሆንም ክህነትን ያላገኘ ሰው ቅድስናን አላጣም። የጥምቀት ጥሪ ከክህነት ጥሪ የሚያንስ የችሮታ ምግብ አይደለም። ካፑቺኖች ካሚሎን ባይመልሱት ኖሮ እነዚያን በሽተኞች ማን ያገኛቸው ነበር? በደጃፋችን የቆመችው የዚያች ሴት ልጅም ዛሬ አባት አለው፤ አባቱም በሚኖርበት ቁምስና ሕፃናትን ጸሎት ያስተምራል። እኛ ያኔ የጻፍንለት ደብዳቤ ያልያዘውን ምስክርነት ዛሬ ኑሮው ይሰጣል።

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ወጣት እንመለስ። የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። «ልጄ፥ ይቅርታህን ማንም አልጠየቀህም፤ እርሱ ያንተ ነው፥ ማንም አይወስድብህም። የሚጠየቀው አደራው ነው፤ አደራውም የሌሎች ነው።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ በገዛ እጁ ለጳጳሱ የጻፈውን ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ እንድናነበው አልሰጠንም፥ እኛም አልጠየቅነውም። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው፤ ምን መልስ እንደሚመጣም አናውቅም። ባለፈው እሑድ ወደዚያ የጸሎት ቤት ስንሄድ ግን ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ልጆች እንደ ወትሮው ከዛፉ ጥላ ሥር ሰብስቦ ሲያስተምር አገኘነው።

ስለ እርሱና እንደ እርሱ መልስ ስለሚጠባበቁት ሁሉ፥ ስለሚመረምሩትና ስለሚወስኑትም አባቶች እንድትጸልዩ እንለምናችኋለን። የመንጋው ጌታ ለቤተ ክርስቲያኑ እውነተኛ እረኞችን ይስጥ፤ አሜን።